የራዲያተር ፋን ሞተር፦ ካርቦን ማስቀየር ወይስ ሙሉውን መቀየር?

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆሞ እየሞቀ፣ መንገድ ሲከፈት የሚበርድ መኪና በአብዛኛው ችግሩ ፋን ነው። መጀመሪያ የፋኑን ሶኬት ነቅለው ከባትሪ ቀጥታ 12 ቮልት ይስጡት። ከዞረ የፋኑን ሞተር ይተዉት፤ ፊውዝ፣ ሪሌ (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ወይም የሙቀት ሴንሰር ይፈትሹ። ካልዞረ ምርጫው ከታች ካሉት ሁለቱ አንዱ ነው። ፋኑን ከመኪናው ማስነሻ ቁልፍ ጋር ቀጥታ ማገናኘት ለዛሬ ቤት ያደርሳል እንጂ ፋኑ ያለ እረፍት ስለሚዞር ካርቦኑን (ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን፣ በመፋተግ የሚያልቅ ቁራጭ) ቶሎ ይጨርሳል።

ካርቦን ማስቀየር፦ ርካሽ ነው። መታ ሲያደርጉት የሚነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ ካርቦኑ ያለቀ ነው። ኮሙቴተሩ (ካርቦኑ የሚነካው የሚሽከረከር የመዳብ ቀለበት) ከተቦረቦረ ግን አዲሱንም ይበላዋል።

ሙሉውን መቀየር፦ ውድ ነው። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ከሆነ እዚያው በባትሪ አስነስተው የሚዞርበት አቅጣጫ ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን ይዩ፤ ሻፍቱን (ፋኑ የሚታሰርበትን የሞተሩን ዘንግ) ወደ ጎን ይነቅንቁት፣ ከተወዛወዘ ሻፍቱን የያዘው ቡሽ አልቋል።

ሻፍቱ የማይወዛወዝ፣ ኮሙቴተሩ ለስላሳ ከሆነ ካርቦን ይበቃል። የተቃጠለ ከሸተተ ወይም ፊውዝ ደጋግሞ ካቃጠለ ሙሉው ይቀየር።