ውዱን ተይው ያሉኝ የመለዋወጫ ሻጭ

ዛሬ አንድ ሰው ላመስግን። የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ከዚያ በፊት ረጅም ጊዜ መካኒክ ነበሩ። ስማቸው እንዲለጠፍ ስላልፈለጉ ጋሼ ብቻ እያልኩ እቀጥላለሁ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ኮሚሽን የለኝም፤ ዘመዴም አይደሉም።

የሄድኩት ለትንሿ መኪናዬ የዘይት ፊልትሮ፣ ማለትም የሞተሩን ዘይት የሚያጣራውን ዕቃ ልገዛ ነው። «ኪሴንም ሞተሩንም የማይጎዳ ስጡኝ» አልኳቸው። ወደ መደርደሪያው ዞር እንኳን አላሉም። መጀመሪያ የሞተሩን ኮድ ጠየቁኝ። እኔ የመኪናዋን ስምና የተሠራችበትን ዓመት ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ፊልትሮ የሚመረጠው በስም አይደለም» ብለው ኮፈኗን አስከፈቱኝና ኮዱን ራሳቸው አነበቡ። ለካ ስሟ አንድ የሆነ መኪና የተለያየ ሞተር ሊገጠምላት ይችላል። አንዱ ሞተር ከነቆርቆሮው የሚጠመዘዘውን ፊልትሮ ይወስዳል፤ ሌላው ክዳኑ ተከፍቶ የውስጡ ማጣሪያ ብቻ የሚቀየረውን።

ከዚያ ሁለት ፊልትሮ ጎን ለጎን አስቀመጡልኝ። በቁመትም በውፍረትም አንድ ናቸው። «እስቲ ለያቸው» አሉኝ። በዓይን አይለዩም። ልዩነቱ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ ነው። የአንዱ ቀዳዳ 20 ሚሊ ሜትር ሆኖ በጥርስና በጥርስ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር አለው። የሌላው ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19.05 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 16 ጥርስ አለው። የስፋታቸው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም! ሰፊው ለጠባቡ በተሠራ ሞተር ላይ ሲጠመዘዝ ገብቶ የጠበቀ ሊመስል ይችላል። ሞተሩ ተነስቶ የዘይት ግፊት ሲመጣ ግን ሊፈናጠርና ዘይቱን መንገድ ላይ ሊያፈሰው ይችላል። ሻጭ ሆኖ ይህን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳ ስንቱ ነው?

ዋጋን በተመለከተ፣ መደርደሪያው ላይ ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ ነበር። ውዱን አንስቼ ሳየው «ተይው» አሉኝ። የውስጡ ማጣሪያ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ብዙ ቆሻሻ ስለሚይዝ ሲንተቲክ ዘይት ሞልተው ረጅም ርቀት ለሚነዱ ይጠቅማል። እኔ የምጠቀመው ተራውን ዘይት ነው፤ ቶሎ ቶሎም እቀይራለሁ። ፊልትሮም ከዘይቱ ጋር አብሮ ስለሚቀየር ውዱን ገና አቅሙ ሳያልቅ ልጥለው ነው። አትራፊው ዕቃ እጄ ላይ እያለ «ተይው» ማለታቸው ነው ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ።

ርካሹንም ከለከሉኝ። ምክንያታቸውን በዓይኔ አሳዩኝ። ፊልትሮው አፍ ላይ፣ በመሀሉ ትልቅ ቀዳዳ ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ በኩል ሲታይ ከውስጥ የጎማ ልሳን አለ። ሥራው ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ እንዳይወርድ መያዝ ነው። የርካሹ ጎማ በእስክሪብቶ ጫፍ ሲነካ ድርቅ ያለ ነው፤ የመካከለኛው ግን ተለጥጦ ይመለሳል። የእኔ መኪና ፊልትሮ የሚገጠመው በጎኑ ስለሆነ ይህ ጎማ ካልሠራ ፊልትሮው ሌሊቱን ባዶ ያድራል። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የዘይት መብራቱ ቶሎ አይጠፋም፤ የሚንኳኳ ድምፅም ይሰማል።

ከጎማው ልሳን ሌላ ፊልትሮው ውስጥ ቫልቭ፣ ማለትም በግፊት የሚከፈት በር አለ። ፊልትሮው በቆሻሻ ሲዘጋ ወይም ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ይከፈትና ዘይቱን ሳይጣራ ያሳልፈዋል። ሞተር ዘይት አጥቶ ነክሶ ከሚቆም ያልተጣራ ዘይት ቢያገኝ ይሻለዋል። የሚከፈትበት ግፊት ከሞተር ሞተር ይለያያል። አንዳንዱ ሞተር ደግሞ ይህ ቫልቭ ራሱ ላይ ስላለው ከፊልትሮው አይጠብቅም። ስለዚህ ጥርሱ ስለገጠመ ብቻ ልክ ነው ማለት አይቻልም። የፊልትሮውን የዕቃ ቁጥር ለየሞተሩ የሚስማማውን ከሚያሳየው ዝርዝር ጋር ማመሳከር የግድ ነው፤ ጋሼም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ስለ ፎርጅድ ብዙ አላወሩም። የካርቶኑ ጽሑፍ የደበዘዘ፣ ፊደል የተሳሳተ ወይም ካርቶኑና ቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር የማይመሳሰል ከሆነ አይንኩት ነው ያሉት።

በመጨረሻ መካከለኛውን ገዛሁ። ሲሸኙኝ ለመካኒኬ የምነግረውን አስጠኑኝ። አሮጌው ፊልትሮ ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር ይታይ። በላዩ አዲስ ከተገጠመበት ሁለቱ ጎማዎች ተደራርበው ዘይቱ ይዘረገፋል። አዲሱ ቀለበት ትንሽ ዘይት ይቀባ። በእጅ ይጠበቅ እንጂ በመፍቻ አይታነቅ። ጎማው ከነካ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሩብ ዙር ይበቃዋል፤ ካርቶኑ ላይ ሌላ ከተጻፈ ግን የተጻፈው ይቅደም።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሰዎች የሞተር ኮዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አሮጌው ፊልትሮ ካለም አትጣሉት፤ ቁጥሩን ያዩታል። ጊዜም ሰፋ አድርጋችሁ ያዙ። ጨዋታ ይወዳሉ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ፊት ብዙም ደስ አላለኝም።