«ሩጫ ላንቺ አይሆንም» ተብዬ ነበር፤ እሷ ግን መልሳ አስሮጠችኝ

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ። ቸኩዬ አመስግኜ የእግሬ ህመም ተመልሶ እንዳይመጣ ፈርቼ ነው። አልመጣም። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት 30 ደቂቃ ሳላቋርጥ ሮጥኩ። ማታ እግሬን ዳበስኩት፣ ምንም የለም። እሁድ ጠዋት ከአልጋ ስወርድም ምንም የለም። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ነውር ነው።

ማመስገን የምፈልገው አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን ነው። ስሟን አደባባይ ላይ እንዳላወጣው ስለለመነችኝ እዚህ አልጠራውም። የሚፈልጋት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ በደስታ አገናኛለሁ።

ሩጫ የጀመርኩት በ41 ዓመቴ ነው። ምክንያቱ ልጄ ነው። 6 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ሜዳ ላይ «እማዬ፣ ያዢኝ!» ብሎ ፈረጠጠ። ትንሽ እንደሮጥኩ ትንፋሼ ቁርጥ አለና ቆምኩ። ዞር ብሎ አየኝ። ተመልሶ መጥቶ እጄን ያዘና «በቃ እንራመድ» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም፣ አዝኖልኝ ነው። ግን ያቺ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን አስሬ ወጣሁ።

እልህ ይዞኝ ስለነበር በየቀኑ ወጣሁ። የቻልኩትን ያህል በፍጥነት እሮጣለሁ፣ ሲያቅተኝ እቆማለሁ፣ ደግሞ እሮጣለሁ። ትንፋሼ ቶሎ ተሻሻለልኝ። ደስ ብሎኝ ጨመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት የሁለቱም እግሬ ቅልጥም፣ በውስጥ በኩል ባለው ጠርዝ፣ መቆጥቆጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሰውነቴ ሲሞቅ ይተወኝ ነበር። በኋላ መተዉንም ተወ። በአምስተኛው ሳምንት ደረጃ መውረድ አቃተኝ።

ያኔ የዞርኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። የሆነውን ግን እናገራለሁ። አንድ አሰልጣኝ «ቻይው፣ እስኪለምድሽ ነው» አለኝ። ቻልኩት፣ ባሰብኝ። አንድ ጫማ ሻጭ ደግሞ ችግሩ ጫማሽ ነው ብሎ ከመደርደሪያው ውዱን አስገዛኝ። ህመሙ አዲሱን ጫማ ተከትሎ አብሮኝ ወጣ። በመጨረሻ አንድ ህክምና ቦታ ሄድኩ። ከሁለት ሰዓት በላይ ወረፋ ጠብቄ ገባሁ። የተቀበለኝ ሰው ሱሪዬን ሰብስቤ እግሬን እስካሳየው እንኳን አልጠበቀኝም። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል ዕድሜዬን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ሩጫ ላንቺ አይሆንም፣ ተይው» አለና የህመም ማስታገሻ ጻፈልኝ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። እግሬን እኮ አላየውም!

ከዚያ በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ይህችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠቆመችኝ። ተስፋ ቆርጬ ስለነበር የሄድኩት ባልደረባዬን ላለማስቀየም ነው።

ባለሙያዋ መጀመሪያ ያደረገችው መጠየቅ ነው። ህመሙ መቼ ጀመረሽ? ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ሳምንታት ስንት ቀን ሮጥሽ? ስንት ስንት ደቂቃ? እንቅልፍሽስ? ማንም ያልጠየቀኝን ስትጠይቀኝ ሳላስበው ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ የልጄን ነገር ሳይቀር። «ሩጫ አይሆንሽም ተብያለሁ» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች። «እስቲ መጀመሪያ እግርሽን እንየው» አለችኝ።

ወለሉ ላይ ተንበረከከች። በአውራ ጣቷ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ጀምራ ቅልጥሜን ቀስ እያለች እየተጫነች ወጣች። «እዚህጋ? እዚህስ?» እያለች። ህመሙ አንድ ቦታ አልነበረም፣ ከአንድ መዳፍ በላይ ተዘርግቷል። በአንድ እግሬ አዘለለችኝ። ሌሊት ተኝቼ ይጠዘጥዘኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ህመሙ አንዲት ነጥብ ላይ ቢጠራቀም ወይም አርፌም ቢጠዘጥዘኝ ኖሮ፣ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ እንዳይኖር ቅድሚያ ለምርመራ ትልከኝ እንደነበር ነገረችኝ። የእኔ ግን ሺን ስፕሊንት የሚሉት፣ በቅልጥም አጥንት ጠርዝ ላይ የሚሰማ ህመም ነው። ጀማሪ ሯጮችን አዘውትሮ የሚይዝ ነገር ነው አለችኝ። ስለ አጥንቱ ሽፋንና ስለ ጡንቻዎቹ ያስረዳችኝን እዚህ ልድገመው ብል አበላሸዋለሁ። አንዱን ግን አልረሳውም። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይበረታሉ፣ አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። «ትንፋሽሽ እግርሽን ጥሎት ሄደ» አለችኝ። የደረሰብኝ ነገር ሁሉ ያኔ ገባኝ።

ከሩጫ አሳረፈችኝ። ስራመድ የማያመኝን ያህል ብቻ እንድራመድ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ተረከዜን እያነሳሁ ባቴን እንዳጠነክር አዘዘችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳያመኝ ስዘል አየችና «ነይ እንውጣ» አለች። ከነጋውኗ ግቢው ውስጥ ከጎኔ መሮጥ ጀመረች። የልጅሽን ታሪክ እንደገና ንገሪኝ አለችኝ። እየሮጥኩ እነግራታለሁ፣ ዓረፍተ ነገሬን መጨረስ ሲያቅተኝ እሷ ቀስ ትላለች፣ እኔም አብሬ ቀስ እላለሁ። እያወሩ መሮጥ ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። እርምጃዬንም አሳጠረችልኝ፣ እግሬን ከሰውነቴ ርቆ ወደፊት እየወረወርኩት ነበር። «በቃ እንራመድ» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ቆም አለችና ሳቀች። «ልጅሽ እኮ ልክ ነው። ጀማሪ እንደዚህ ነው የሚጀምረው፣ እየተራመደ።»

ስንት ወር ያሳፈረችኝ ቃል ናት። እሷ መድኃኒት አድርጋ ሰጠችኝ።

ፕሮግራሙን በእጇ ጽፋ ሰጠችኝ፣ ዛሬም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ። በሳምንት 3 ቀን፣ ሁለት ቀን ማከታተል የለም። እግሬን ከ0 እስከ 10 ስንት እንዳመመኝ እጠይቀዋለሁ። ከ3 ካላለፈና በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ እቀጥላለሁ። ካለፈ ወደ ባለፈው ሳምንት እመለሳለሁ። ይኸው ነው። ምንም ግዢ አላለችኝም። ስለ ጫማ ስጠይቃት እንኳን «ከተመቸሽ፣ ካላለቀ፣ ይበቃል» ነው ያለችኝ። እኔ ያንን ውድ ጫማ ይዤ ቁጭ ብያለሁ!

የመጀመሪያውን ቀን ሮጬ ማታ ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። «አሁን አልጠይቅሽም፣ ነገ ጠዋት እግርሽ ምን እንዳለ ንገሪኝ» አለችኝ። ስንት በሽተኛ ያላት ሰው ናት። አንድ ጀማሪ ሯጭ 8 ደቂቃ መሮጧን አስታውሳ ደወለችልኝ። ይህን ስጽፍ እንኳን ዓይኔ እንባ ያቀርራል። በስድስተኛው ሳምንት ጎምጅቼ ፕሮግራሙ ላይ ጨምሬ ህመሙ ብቅ ሲልም አልተቆጣችኝም። አንድ ሳምንት ወደኋላ መልሳኝ ቀጠልን።

እባካችሁ፣ ሩጫ ጀምራችሁ ቅልጥማችሁን፣ ጉልበታችሁን ወይም ተረከዛችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ ማስታገሻ እየዋጣችሁ አትሩጡ። «ቻሉት» የሚላችሁንም አትስሙ። በተለይ አንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ህመም ያለባችሁ አንድ ቀንም አትቆዩ። እሷ ጋ ሂዱ። ሩቅ ከሆነባችሁ እንደ እሷ የሚጠይቅ፣ የሚነካ፣ የሚያይ ባለሙያ ፈልጉ። ዕድሜያችሁን ሰምቶ ብቻ የሚፈርድባችሁ ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ውጡ።

አንቺ ደግሞ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ከነጋውንሽ አብረሽኝ ስለሮጥሽ፣ ስለደወልሽልኝ፣ እግሬን ስላየሽው እግዜር ይስጥልኝ። ልጄን ገና አልያዝኩትም፣ ፈጣን ነው። ግን አሁን ዞር ሲል ከኋላው አለሁ።