ከ19 ወር ሥራና ከአንድ የማርሽ ጥገና በኋላ፦ የባትሪ ድሪሌ

በደብረ ብርሃን ከተማ በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን እየሠራሁ የምተዳደር አናጢ ነኝ። ይህን ባለ 18 ቮልት የባትሪ ድሪል ከገዛሁት 19 ወር ሆኖኛል፤ ከእሑድና ከበዓላት በቀር ከእጄ የተለየባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያዎቹን 14 ወራት ያለ እንከን አገለገለኝ፤ በ15ኛው ወር ማርሹ ተበላሽቶ ራሴ ፈትቼ መልሼ ገጠምሁት፤ ከዚያ ወዲህም አራት ወር ሠርቷል። እንዲህ ያለ ዕቃ ደህና መሆኑ የሚታወቀው አዲስ ሳለ በሚያሳየው ጉልበት ሳይሆን ከተፈታ በኋላ ተመልሶ እንደ ቀድሞው መግጠም በመቻሉ ነው ብዬ ስለማምን፣ የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ጥገናው ነው።

ስለ ሞተሩ የምለው ብዙ የለም፤ ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግረው ካርቦን እስካሁን አልተቀየረም። ባትሪውም አምስት ሴሎች ያሉት፣ 2 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሲሆን፣ የአንድ በር ማጠፊያና ቁልፍ ገጥሞ ይተርፈዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ ባትሪውን ሱቅ ውስጥ አላሳድረውም፤ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እያለ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ይጎዳል።

ብልሽቱ የደረሰው ደብረ ሲና ላይ የቤት ጣሪያ ስንሠራ ነበር። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የሚበሳው ብረት) ይዤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ እየበሳሁ ሳለ፣ ሞተሩ በድንገት ጮኸና ፑንታው ቆመ። የፍጥነት መቀየሪያውን ቁልፍ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስገፋው ፑንታው ዞረ፤ ወደ አንደኛ ስመልሰው ግን ሞተሩ ባዶውን ይሽከረከራል። ይህ ምልክት ሳይፈታ ብዙ ይናገራል፤ ከሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጥርስ ወይም የመጨረሻው እርከን ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ፍጥነቶች በጠፉ ነበር።

የዚህ ድሪል ማርሽ በሦስት እርከን የተደራረበ ነው። በእያንዳንዱ እርከን መካከል ላይ አንድ ትንሽ ማርሽ፣ በዙሪያው ሦስት ማርሾች፣ እነርሱን የሚሸከም ሳህን፣ ከውጭ ደግሞ ጥርሱ ወደ ውስጥ የሆነ ቀለበት አለ። በመጀመሪያው እርከን የመካከለኛው ማርሽ 12፣ የቀለበቱ 36 ጥርስ ሆኖ አገኘሁት፤ ቀለበቱ ሳይንቀሳቀስ ሲቀር 36 ለ12 ተካፍሎ አንድ ሲደመርበት አራት ስለሚሆን፣ ሞተሩ አራት ጊዜ ሲዞር ሳህኑ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ያድጋል። የፍጥነት መቀየሪያው የሚገፋው የመካከለኛውን እርከን ቀለበት ነው። በአንደኛ ማርሽ የቀለበቱ የውጭ ጥርሶች ከማርሹ ቤት (ከውጭ ሽፋኑ) ጋር ተጣብቀው እንዳይዞር ያደርጉታል፤ በሁለተኛ ማርሽ ቀለበቱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከመጀመሪያው እርከን ሳህን ጋር ስለሚቆላለፍ፣ እርከኑ ፍጥነት ሳይቀንስ አንድ ላይ ይዞራል። የእኔ ቀለበት የናይለን ሲሆን የተላጨው የውጭ ጥርሱ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሞተሩ ሳይቆም መቀየሪያውን የመግፋት ልማድ ነበረኝ፣ አንዳንዴም ቁልፉ እስከ መጨረሻው ሳይገባ እሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ሸክም የሚያርፍበትን ቀለበት ከብረት አለመሥራት የአምራቹ ጉድለት ነው እላለሁ።

ምትክ ቀለበት ያገኘሁት ሞተሩ ከተቃጠለ ተመሳሳይ ድሪል ነው። ለመፍታት የፑንታ መያዣውን አፍ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ውስጥ ያለችውን ቪቴ (ብሎን) ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህች ቪቴ ጥርሷ የግራ ስለሆነ የምትፈታው ወደ ቀኝ ሲያዞሯት ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚያጠብቋት አናቷን ይበሏታል። ከዚያ በኋላ ነጭ ጨርቅ በሰፌድ ላይ ዘርግቼ ክፍሎቹን በወጡበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ደረደርሁ፣ እያንዳንዱንም ደረጃ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ።

መግጠሙ ከመፍታቱ በብዙ ይከብዳል። ሞተሩን ዘንጉ ወደ ላይ እንዲሆን አቁሜ ሮንዴላውን፣ ሦስቱን ማርሾች፣ ሳህኑን፣ ቀጥሎም የሚቀጥለውን እርከን አስቀመጥሁ። እያንዳንዱ ንብብር በቀስታ ግራና ቀኝ እያወዛወዙት በራሱ ክብደት መውረድ አለበት፤ በእጅ መገፋት ካስፈለገ አንዱ ጥርስ በሌላው ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ዘግቼ፣ ቪቴዎቹን አጥብቄ ስሞክረው በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ሠራ። እንደገና ስከፍተው፣ ቀለበቱን የሚያንሸራትተው የታጠፈ ሽቦ አንዱ ጫፉ በቀለበቱ ዙሪያ ካለው ቦይ ውጭ ቀርቶ አገኘሁት። ቁልፉ ይሄዳል፣ ቀለበቱ ግን አይከተለውም ነበር። አሁን ቤቱን ከመዝጋቴ በፊት ቁልፉን በጣቴ ወዲያና ወዲህ ገፍቼ ቀለበቱ አብሮት መሄዱን በዓይኔ አያለሁ።

ሁለተኛው ስሕተት ከጉልበት መመጠኛው ላይ፣ ማለትም ቪቴ ከልክ በላይ እንዳይጠብቅ ከሚያደርገው ክፍል ላይ ነበር። የመጨረሻው እርከን ቀለበት ፊቱ ላይ ጉብታዎች አሉት፤ ከፊት ያለው ትልቅ ሞላ ስድስት የብረት ብዮችን በጉብታዎቹ መካከል ይጫናቸዋል። ቪቴ ጠብቆ ሸክሙ ሲበዛ ብዮቹ ጉብታውን ይሻገራሉ፣ የምንሰማው የ«ክርክር» ድምፅም ከዚያ ይመጣል። ከጥገናው በኋላ መመጠኛውን ከፍ ባደርገውም ቪቴዎቹ ግማሽ ላይ ይቀሩ ነበር፤ ስፈታው ብዮቹ አምስት ብቻ ናቸው። ስድስተኛዋን ወለሉን ሁሉ ጠርጌ አጣኋት፤ በመጨረሻ በሞተሩ ጎን ተለጥፋ አገኘኋት። የሞተሩ ማግኔት ከቆርቆሮው ውጭም ስለሚስብ፣ ብዮቹን ከሞተሩ አርቆ በክዳን ውስጥ ማስቀመጥ ይበጃል።

ግራሶውን በተመለከተ የረዱኝ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። የማርሹን ሳጥን በግራሶ ሞልቼው ሲያዩ፣ «ልጄ፣ ጥርሱ ይቀባ እንጂ አይዋኝ» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ትርፉን በጨርቅ ጠረግሁ። እውነታቸውን መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ከሳጥኑ ያልወጣው ትርፍ ግራሶ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ከተማችን በጠዋቱ ብርድ ጠጥሮ፣ ድሪሉ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እየተጎተተ ይዞር ነበር። ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርጄ ስሠራበት ግን ይህ ችግር ፈጽሞ አልታየበትም። በቀጣዩ ሳምንት ከፍቼ በጥርሶቹ ላይ ስስ ሽፋን ብቻ ስተውለት መጎተቱ ቆመ።

ባለፉት አራት ወራት የጽድ በሮች፣ የባሕር ዛፍ አውታሮችና አንድ ሙሉ የወጥ ቤት መደርደሪያ ሠርቼበታለሁ። በአንደኛ ማርሽ ጉልበቱ እንደ ድሮው ነው፤ በሁለተኛው ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ አለው፣ የተተካው ቀለበት ከሌላ ድሪል የመጣ በመሆኑ ይመስለኛል። ቀላል የእንጨት ሥራ ለሚሠራ ሰው ያለ ማመንታት ግዛ እለዋለሁ፤ በየቀኑ ትልልቅ ቀዳዳ በግንድ ላይ ለሚበሳ ግን ቀለበቱ የብረት መሆኑን ሻጩን ጠይቆ ቢገዛ ይሻለዋል። እኔ ሁለተኛ የናይለን ቀለበት ከሙሉ የብይ ስብስብ ጋር በትንሽ ጠርሙስ አድርጌ ከድሪሉ ሳጥን ውስጥ አኑሬአለሁ፤ ረዳቴም መቀየሪያውን ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቆም እንዳይነካው ነግሬው፣ አሁን እርሱ ራሱ ሌሎችን ያስጠነቅቃል።