የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናዬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ 67 ዓመቴ ነው። የሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ተገፎልኛል። መጀመሪያ የግራው፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ የቀኙ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ስለሆነ በሞቅታ የማወራ እንዳይመስላችሁ።

ቀዶ ሕክምናው ላይ ስሞታ የለኝም። ዓይኔን በጠብታ አደነዘዙት። ነቅቼ ነበር፤ የታየኝ ግን ብርሃን ብቻ ነው። «ሞራ ይገፈፋል» እንላለን እንጂ የሚገፈፍ ነገር የለም። የደፈረሰው የዓይኔ የራሱ ሌንስ ነው። እሱን በአልትራሳውንድ ሰባብረው፣ ሦስት ሚሊ ሜትር በማትሞላ ቀዳዳ መጠው አወጡና ሰው ሠራሽ ሌንስ አስገቡ። ቀዳዳውን አልሰፉትም፤ ራሱ ይገጥማል አሉኝ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ጉድ ነው!

ቀድሞ ሐኪሙ «የፕሮስቴት መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲለኝ ምን አገናኘው ብዬ ነበር። ለካ የምውጠው ታምሱሎሲን ብሌን በደንብ እንዳይሰፋ ያደርጋል፤ ሐኪሙ ካላወቀ ሥራው ይከብደዋል። ያቆማችሁትም ብትሆኑ ንገሩ።

ከሁሉ የገረመኝ ቀለሙ ነው። በእነዚያ አምስት ሳምንታት አንዱን ዓይን እየጨፈንኩ ጣቃ ሳይ እውል ነበር። በአዲሱ ዓይን ነጩ ነጭ ነው። በአሮጌው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ያኔ ነው ልቤ ቀጥ ያለው። ለካ ነጭ ሸሚዝ በክሬም ክር ስሰፋ ኖሬአለሁ! ደንበኞቼም አይተው ዝም ብለውኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። የግራው ሌንስ ለሩቅ ተመርጦ የመኪና ታርጋ ከማዶ አነባለሁ፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን አቃተኝ። ለቀኙ ራሴ ተናግሬ ለቅርብ አደረጉልኝ። ሁለቱን ማስማማት ሳምንታት ወሰደብኝ።

ሌላው የባሰ ነው። በ14ኛው ወር ግራው እንደገና ጭጋግ ለበሰ። ሞራው ተመለሰ ብዬ ሦስት ወር በሐሳብ አለቅሁ፤ ለሰውም አልተናገርኩ። ብሄድ ሞራ አይደለም። ሌንሱ የተቀመጠበት ከረጢት ከኋላው ይደፈርሳል፤ ብዙ ሰው ላይ ይመጣል አሉኝ። በደቂቃዎች ሌዘር ያለ ሕመም ጠራ። ታዲያ ይህን ቀድሞ መንገር ምን ነበረበት? የሰጡኝ ወረቀት ላይ የጠብታ ሰዓት ብቻ ነው ያለው።

ከሌዘሩ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጥቁር ነጠብጣብ ይንሳፈፍብኝ ነበር። በዚህስ አስጠንቅቀውኛል፦ ብልጭታ ከታየህ ወይም መጋረጃ የወረደብህ ከመሰለህ በዚያው ቀን ና። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ሕመም፣ መቅላትና የእይታ መቀነስ ለነገ አይባልም። እኔ አልገጠመኝም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ ደንበኛዬ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ቁልፍ ላስተክል ብሎ አመጣው። ክሬሙን ክር ፈትቼ በነጭ ዘመዘምኩት። እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልተነፈስኩ።