ዘር ወይስ ችግኝ? ለመስከረም የጓሮ አትክልት

ክረምቱ ሲወጣ መሬቱ ገና እርጥብ ነው። ጓሮው ተቆፍሯል፣ የበሰለ ፍግ ተቀላቅሎበታል፣ መደቡ ተስተካክሏል። አሁን ዘር ይዘራ ወይስ ችግኝ ይገዛ?

ወጪ
ዘር፦ አንድ ትንሽ ፓኬት መደቡን ሞልቶ ይተርፋል።
ችግኝ፦ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ነው የሚከፈለው። መደቡ ሰፊ ከሆነ ኪስ ይነካል።

ጊዜ
ዘር፦ ቲማቲም ወደ መደቡ ለመዛወር እስኪደርስ ብቻ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቲማቲምና ቃሪያ ደግሞ ከብርድ ጋር አይስማሙም። ውርጭ ከመታቸው አለቀ።
ችግኝ፦ ያንን ወር ያተርፋል።

ስጋት
ዘር፦ ወፍ፣ ጉንዳን፣ አረም። ዝናቡ ሲያቆም በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል።
ችግኝ፦ ተነቅሎ ፀሐይ ላይ የዋለውን አይግዙ። አመሻሽ ላይ ተክለው ወዲያው ያጠጡ። ቆራጭ ትል ግንዱን ከሥር ሊበላው ይችላል። ዝርያውንም ከሻጩ ቃል በቀር የሚያረጋግጥ የለም፤ ጥቅል ጎመን የተባለው የሐበሻ ጎመን ሆኖ ሊያድግ ይችላል (እሱም ይበላል፣ ችግር የለም)።

ለማን?
ካሮት ለሚፈልግ ምርጫ የለም፤ ሲዛወር ሥሩ ስለሚጣመም በቦታው ይዘራ። ቆስጣና ቀይ ሥርም በዘር ይቀላሉ። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለጥቅል ጎመን፣ መስከረም ላይ ለተነሳ ሰው፣ እኔ ችግኝ እላለሁ። ቀድሞ ነሐሴ ላይ በጣሳ ችግኝ ያፈላ ግን ለምን ይገዛል? ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ሁለት ባልዲ ብቻ ያለውም ጥቂት የቃሪያ ችግኝ ይበቃዋል።