ቴራባንድ ለስፖርተኛ ትከሻ፦ ቀዩ ይበቃል

እጅ ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ዋና ወይም ጦር ውርወራ የሚሠራ ሰው ትከሻውን ሲያመው፣ ፊዚዮቴራፒስቱ መጀመሪያ ከሚያስይዘው ዕቃ አንዱ ይህ ስስ የላስቲክ ጥብጣብ ነው። ዕቃው ጥሩ ነው። የሚበላሸው አመራረጡና አጠቃቀሙ ላይ ነው።

ቀለሞቹ ከቀላል ወደ ከባድ ሲቆጠሩ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ብርማ፣ ወርቃማ ናቸው። በአምራቹ ሰንጠረዥ ላስቲኩ እጥፍ ሲለጠጥ፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትሩ 120 ሲሆን፣ ቢጫው 1.4 ኪሎ ገደማ፣ ቀዩ 1.7፣ አረንጓዴው 2.1፣ ጥቁሩ 3.3 ይስባል። ይህ ቅደም ተከተል የቴራባንድ ነው። የሌላ ፋብሪካ ቀይ ከዚህኛው አረንጓዴ ሊከብድ ስለሚችል በቀለም ብቻ አትመኑ።

ስፖርተኛ ሱቅ ሲገባ እጁ ወደ ጥቁሩ ይሄዳል። ቤንች ፕሬስ ላይ፣ በጀርባ ተጋድሞ ክብደት ከደረት ወደ ላይ ሲገፋ፣ 80 ኪሎ የሚያነሳ ልጅ በ1.7 ኪሎ ምን ይሆናል? ይላል። ግን ላስቲኩ የተገዛው ለደረት አይደለም። ሮቴተር ከፍ የሚባሉት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች የክንድን ክብ አጥንት ጥልቀት በሌለው ማረፊያው መሃል አቅፈው ይይዛሉ፤ ዋና ሥራቸው ማንሳት ሳይሆን መያዝ ነው። ጥቁሩ ሲመጣ ትንንሾቹ ይቀሩና ትልልቆቹ ይረከባሉ፦ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ወገብ ይዞራል፣ ክርን ከጎን ይሸሻል። ላስቲኩ ተስቧል፤ የታመመው ጡንቻ ግን አልሠራም። ለአብዛኛው ስፖርተኛ መነሻው ቀይ ነው፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ቢጫ።

ዋናው ልምምድ ክንድን ወደ ውጭ ማዞር ነው። 1.5 ሜትር ላስቲክ ቁረጡና አንዱን ጫፍ ቋጥሩ፤ ቋጠሮውን በክርን ከፍታ ከበሩ ማዶ አድርጋችሁ በሩን ዝጉ። በሩ ወደ እናንተ የሚከፈት ከሆነ ሌላ በር ፈልጉ፤ ስትስቡ ተከፍቶ ላስቲኩ ፊት ላይ ይመጣል። በደህናው ጎን ወደ በሩ ዞራችሁ ቁሙ። ትንሽ ፎጣ ጠቅልላችሁ በተጎዳው ክንድና በጎናችሁ መካከል ያዙ፣ ክርናችሁን 90 ዲግሪ እጠፉ፣ እጃችሁን ከሆዳችሁ ፊት አስጀምሩ። ፎጣው ከወደቀ ክርኑ ሸሽቷል ማለት ነው፤ ከአሰልጣኝ ጩኸት የተሻለ ዳኛ ነው። ላስቲኩን በመዳፍ ላይ ጠምጥሙት እንጂ አትጨብጡት፤ ከተጨበጠ ቀድሞ የሚደክመው የእጅ አንጓ ነው። ወደ ውጭ ስትስቡ 1 ሰከንድ፣ ስትመልሱ ሙሉ 3 ሰከንድ። መመለሱን የሚያጣድፍ ሰው ግማሹን ልምምድ ጥሎታል፤ ኳሱ ከእጅ ከወጣ በኋላ ክንዱን ፍሬን የሚይዙት የኋለኞቹ ጡንቻዎች ናቸው፣ የሚሠሩትም እንዲሁ እየተለጠጡ ነው። 15 ጊዜ በ3 ዙር፣ በመሃል 1 ደቂቃ ዕረፍት፣ በየሁለት ቀኑ።

አሁን ወደ ትልቁ ጉድለት። ላስቲክ በተለጠጠ ቁጥር ይከብዳል፣ ስለዚህ መጀመሪያው ባዶ ይሆንና መጨረሻው፣ ጡንቻው አቅም የሚያንሰው ቦታ ላይ፣ ይጫናል። መፍትሔው ርዝመት ነው። በዚህ እንቅስቃሴ እጅ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከበሩ እስከ መዳፍ ያለው ላስቲክ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እጥፍ ይለጠጣል፤ 80 ከሆነ ግማሹን ብቻ፣ ጭነቱም ለስለስ ይላል። የዳምቤል 1 ኪሎ ሁሌም 1 ኪሎ ነው፤ እዚህ ግን ግማሽ እርምጃ ስትርቁ ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል። ወለሉ ላይ በፕላስተር የእግራችሁን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ያለዚያ የዛሬው 15 ከባለፈው ጋር አይነጻጸርም።

ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ሲለካ ከ3 ካላለፈና በማግስቱ ጠዋት ከጠፋ ልምምዱ ይቀጥላል። ከዚያ ካለፈ ወደ ቀላሉ ቀለም ውረዱ። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ ወይም ወድቆ ክንዱን ማንሳት ያልቻለ ሰው ከሆነ፣ ላስቲኩ ይቆይና መጀመሪያ ምርመራ። ትከሻው የወለቀም እንዲሁ፤ ራጅ ሳይነሳ በጉተታ የሚመልስ ወጌሻ ዘንድ አይሄድም፣ ከወለቀበት ጋር የተሰበረ አጥንት ሊኖር ይችላል። ወደ ፊት የወለቀ ትከሻ ከተመለሰ በኋላም ክንድን እንደ ወርዋሪ ወደ ጎን አንስቶ ወደ ኋላ የሚያዞር የላስቲክ ልምምድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይሞከርም፤ መልሶ የሚያወልቀው ያው አቀማመጥ ነው።

ዕድሜውን የሚያሳጥሩት ፀሐይ፣ የመዋኛ ክሎሪን፣ ቀለበትና ጥፍር ናቸው። ዋናተኞች ገንዳ ዳር ከተጠቀሙበት በንጹሕ ውኃ ይለቅለቁት፣ ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ሲጣበቅ ትንሽ ታልክ ፓውደር ይነስንሱበት። ከመጀመሪያ ርዝመቱ ከ3 እጥፍ በላይ አይለጠጥ። ከልምምድ በፊት ወደ መስኮት ብርሃን አንስታችሁ ጠርዙን ተመልከቱ፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቅዳጅ ካለች ከዚያው ይበጠሳል፣ በተለይ ከቋጠሮው አጠገብ። ቋጠሮውን መፍታት አያዋጣም፣ ቆርጦ መጣል ይሻላል፤ ለዚህም ነው 1.5 ሜትር እንጂ 1 ሜትር የማይገዛው። መደበኛው ከተፈጥሮ ጎማ፣ ከላቴክስ፣ የተሠራ ነው፤ ቆዳው የሚያሳክከውና የሚቀላ ሰው ላቴክስ የሌለበት መሆኑ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ይጠይቅ።