ደብረ ማርቆስ፣ ዓባይ በረሃና የአሮጌዋ ዲኤክስ ጋስኬቶች፦ ከወራት በኋላ

የመኪናዬ ሞተር ሲፈታ ሁለት ዓይነት ጋስኬትና ሲል ነው የገባለት። አንደኛው በየሱቁ «ፉል ሴት» እየተባለ የሚሸጠው ሙሉ ጥቅል ነው። ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ሁለተኛው ለየብቻ የገዛኋቸው የጃፓን ኦይል ሲሎች (ዘይት የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) እና በብሎኩና በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) መካከል የሚገባው የቴስታታ ጋስኬት ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ በደብረ ማርቆስና በደጀን መካከል እየተመላለስኩ፣ አልፎ አልፎም ዓባይ በረሃን ወርጄ እየወጣሁ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።

መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሞተሯ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ፣ ባለ ካርቡራቶር።

ሱቅ ገብታችሁ «የዲኤክስ ጋስኬት ስጠኝ» አትበሉ። ብዙ ዲኤክሶች ዛሬ ፋብሪካ የሰጣቸውን ሞተር አልያዙም። 3ኬ እና 4ኬ የሚባሉት ሞተሮች የሲሊንደራቸው ስፋት 75 ሚሊሜትር ነው። የ5ኬ ግን 80.5 ነው። የ4ኬ ጋስኬት 5ኬ ላይ ቢቀመጥ ጠርዙ ወደ ሲሊንደሩ አፍ ይገባና እሳት ይበላዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሎኩ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። አሮጌውን ጋስኬትም አትጣሉት። ይዛችሁት ሂዱና በአዲሱ ላይ ደርቡት፤ የውሃውም የዘይቱም ቀዳዳ አንድ በአንድ መግጠም አለበት።

ባለ ሱቁ «ጋሼ፣ ፉል ሴቱን ይውሰዱ፣ ሁሉም ውስጡ አለ» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ሁሉም አለ። ችግሩ የሁሉም ሥራ አንድ አለመሆኑ ነው። የውሃ ፓምፕ ወረቀት ጋስኬት ቢያፈስ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የኋላው የሞተር ሲል ቢያፈስ ግን እሱ ጋ ለመድረስ ካምቢዮ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይፈታል፣ ቮላኖ ይነሳል። የሚያስከፍለው ሲሉ ሳይሆን የእጅ ዋጋው ነው። መካኒኩ የጥቅሉን የኋላ ሲል በጣቱ ጠምዘዝ አደረገው። ከንፈሩ ደርቋል፤ ሲለቀውም ወዲያው አልተመለሰም። «ወንድሜ፣ ላስገባልህ እችላለሁ። ግን ከገና በፊት እንደገና ካምቢዮ እናወርዳለን» አለኝ። ኖክ (NOK) በሚባለው የጃፓን ሲል ቀየርነው። እስከ ዛሬ በፍሪሲዮኑ ቤት ሥር አንዲት ጠብታ አላየሁም።

ሲል ስትገዙ ፊቱ ላይ የተጻፈውን እዩ። የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር ይጻፋል። የቶዮታ ቁጥር ከሆነ ብዙ ጊዜ በ90311 ይጀምራል፤ ቀጥለው ያሉት ሁለት አኃዞች የውስጥ ስፋቱ ናቸው። የጎማው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ተራው ናይትራይል ከ100 ዲግሪ ትንሽ አለፍ እስኪል ይችላል፤ ረጅም ሙቀት ሲበዛበት ግን ይደርቃል። ቫይተን የሚባለው 200 ገደማ ይቋቋማል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። አሮጌ ሞተር ላይ ደግሞ ኮሎው (ክራንክ ሻፍቱ፣ የሚሽከረከረው ዘንግ) ራሱ ሲሉ በሚነካው ቦታ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ጥፍር ሲገባበት ከተሰማችሁ አዲሱ ሲል ከዚያ መስመር ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይግባ። ከንፈሩ ዘይት ይቀባ፤ ስፕሪንጓ ያለችበት ፊት ወደ ዘይቱ ይዙር።

የፊተኛው ሲል ዕዳው ገብስ ነው። ፑሊው ከወጣ ይደረስበታል። የጥቅሉን አስገብቼ እንዳለ ተውኩት፤ ላቡ እንጂ ፍሳሹ የለም።

የቴስታታ ጋስኬት ላይ ግን አትቆጥቡ። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተር ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የሚል የግፊት ልክ የተጻፈበት ደህና ክዳን የመፍያውን ልክ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ግን ውሃው ቀስ እያለ ያልቃል፤ ዳገት ላይ ሙቀቱ ይነሳል፤ ከዚያ የምትቀይሩት ክዳን ሳይሆን ጋስኬት ነው። እና ይቺን ትንሽ ጎማ ማን ይቆጥራታል! እኔ ከጋስኬቱ ጋር ክዳኑንም ቀይሬያለሁ።

ባለ ብዙ ንብርብር የብረት ጋስኬት ይሻላል የሚሉ አሉ። ለአዲስ ሞተር አዎ። እሱ ግን በጣም ልሙጥ ፊት ይፈልጋል። የብሎካችን ብረት አርጅቷል፤ ቴስታታውም ፊቱ ተልጎ እንዲስተካከል አንዴ ሬቲፊካ ገብቷል። ለእንዲህ ያለው በሲሊንደሩ ዙሪያ የብረት ቀለበት ያለው የድሮው ዓይነት ይመረጣል። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) ይጠበቁ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ መፍቻውን ተቀበሉት።

የጥቅሉ ክፉ ጉድ የወጣው በቫልቮቹ ዘንግ ላይ በሚገቡት ትንንሽ የቫልቭ ሲሎች ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አልነበረም። በጥር አካባቢ ዓባይ በረሃን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። እግሬ ነዳጁ ላይ አልነበረም። ድልድዩን አልፌ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገት ስረግጥ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ተንቦገቦገ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ሲስብ ዘይቱን በደረቁት ሲሎች በኩል ወደ ሲሊንደሩ ይጎትተዋል፤ ስትረግጡ ይቃጠላል። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ብታጨስና ወዲያው ብታቆምም ምልክቱ ያው ነው። ሳታቋርጥ ብታጨስ ግን ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) ጠርጥሩ። ደግነቱ ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። በካንዴላው ቀዳዳ አየር ሞልቶ ቫልቩን እያስያዙ አንድ በአንድ ይቀየራል።

የቫልቭ ክዳኑ የቡሽ ጋስኬትም ከዚያው ጥቅል ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ። መደርደሪያ ላይ ከመቆየት ብዛት ተኮማትሮ የቡሎን ቀዳዳዎቹ አልገጠሙም፤ ተለጥጦ ነው የገባው። አንድ ጥግ ላይ ያልባል፤ ዘይቱ ማርሚታው አንገት ላይ ሲንጠባጠብ መኪና ውስጥ ይሸታል። ቡሎኑን ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ቡሹ ይጨመቅና ይሰነጠቃል። ሲሊኮን መለደፍም አልወድም። ትርፉ ተቆርጦ ኮፓ (የዘይት ማጠራቀሚያው) ውስጥ ይወድቅና የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል።

እንደገና ብገዛ የቴስታታውን ጋስኬት፣ የኋላውን ሲልና የቫልቭ ሲሎቹን ለየብቻ ጥሩውን እይዛለሁ። የውሃ ፓምፑንና የካርቡራቶሩን ወረቀት ከርካሹም ቢሆን እወስዳለሁ፤ እስካሁን አላስቸገሩኝም። የቫልቭ ክዳኑን ቡሽ በጎማ ለመቀየር ዕቃው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ እየመጣልኝ ነው።